ከመርዶው የቀደመችው ውሸቴ

እኅቴ ጌጤ ራሷን ለባሏ ምላጭ ሰጥታ ደጃፉ ላይ እንደ ተቀመጠች፣ ዞር ብላ ሳታየኝ፣ «ዘውገ፣ ሰሞኑን በእንቅልፌ አውርቻለሁ እንዴ?» አለችኝ።

ባሏ አያሌው ምላጩን አላቆመም። ሰውየው ዓመቱን ሙሉ የሚናገረውን እኔ ከቁርስ በፊት እጨርሰዋለሁ፤ ያን ዕለት ደግሞ ጭራሽ ድምፁን ውጦታል። የጌጤ ጠጕር በዘለላ በዘለላ እየተነሣ ቁርበቱ ላይ ይወድቃል፤ ከሥሩ የሚወጣው ራሷ እንደ አዲስ ቅል ነጥቶ የሌላ ሰው ይመስላል። ከኮረብታው ራስ ዶሮ ሳይጮኽ የጀመረው ነጋሪት አሁንም ይጎሰማል። ደብረ ታቦር በአንድ አፍ ስታለቅስ ሰምታችሁ አታውቁም፤ እኔ ሰምቻለሁ። ከየግቢው የሚወጣው ዋይታ ተያይዞ ቁልቁል ሲወርድ የቤታችን ክዳን ሣር ቆመ፤ እንደ ድመት ጠጕር ቆመ እላችኋለሁ። አዋጅ ነጋሪው በደጃችን ሲያልፍ ሦስታችንም ተነሥተን ሰማነው። እቴጌይቱ ዐርፈዋል። ወንዱም ሴቱም ራሱን ይላጭ፤ እስከ ዐርባቸው ገበያ አይቁም፣ ሠርግ አይደገስ፣ መንገደኛ ኬላ አይለፍ። ይህን ያህሉን እንደ ማንኛውም የንጉሥ አገር ሰው አንገታችንን ደፍተን ተቀበልነው። የመጨረሻዋ ቃል ግን እኔን ብቻ ፈልጋ የመጣች ትመስል ነበር።

«ባለፈው ቅዳሜ ገበያ መሐል የእቴጌይቱን ሞት ያወራ ሰው አለ! ወሬውን ከእልፍኝ ያወጣች ምላስ ትቆረጣለች!»

ቅዳሜ ገበያ መሐል ያወራሁት እኔ ነበርሁ። ነገሩ የተጀመረው በአህያ ነው። እኔ ዳዊት ደግሜ፣ ቅኔ ቤት ገብቼ፣ መምህሬ ላይ በተረትሁት ተረት ምክንያት ሳልጨርስ የወጣሁ ሰው ነኝ። ፊደሉን ይዤ ወጥቻለሁ፣ ምግባሩን እዚያው ትቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ የምኖረው በእኅቴ ቤት ነው፤ ሥራዬም ለሚሰማኝ ሁሉ ማውራት ነው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ግን የደብረ ታቦር ሰው ለመደኝ። አፌን ስከፍት ገና ምንም ሳልል ይስቁብኛል። ለአንድ ቀጣፊ ከዚህ የከፋ ሞት የለም። ስለዚህ ኢየሩሳሌም ልሄድ ቆረጥሁ። ኢየሩሳሌም ደርሶ የመጣን ሰው ማን ይመረምረዋል? ባሕሩ ላይ እሳት የሚተፋ ዓሣ አየሁ ቢል፣ ክንዱ ላይ የተነቀሰውን መስቀል አይተው ጉልበቱን ይስማሉ። አባ ገብረየሱስ የሚባሉ ሁለት ጊዜ ደርሰው የተመለሱ መነኩሴ ዐሥራ አንድ ተሳላሚ አዘጋጅተው ሐሙስ ሊነሡ ነው። ዐሥራ ሁለተኛ ልሆን ለመንሁ። በሶውን ጌጤ ፈጨችልኝ፣ ቅሉን አያሌው አበጀልኝ፤ የጎደለኝ ስንቄን የሚሸከም አህያ ብቻ ነበር።

ጌጡ የሚባል ከሩቅ የመጣ፣ እኔን የማያውቅ አህያ ሻጭ አራት ብር አለኝ። እኔ ያለኝ ሁለት ነው። ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ፣ «አያ ጌጡ፣ ለሰው እንዳትናገር እንጂ እቴጌይቱ እኮ የሉም» አልሁት። ያን ያህል ብዬ ባቆም ምን ነበረበት? ግን የኔ ምላስ አንድ ጊዜ ከተነሣች በቁልቁለት እንደ ተለቀቀ ድንጋይ ናት። በነጭ በቅሎ ርብን ሲሻገሩ በቅሎዋ ደነበረች አልሁ። ወንዙ መሐል ያደፈጠ ጉማሬ ብድግ ብሎ እሳቸውን ትቶ ባለ ወርቅ ዘርፉን ጥላቸውን ነጠቀ፤ እሳቸው ጥላዬን ብለው ሲከተሉት ውኃ ወሰዳቸው አልሁ። ጉማሬውም ጥላውን እንደ ዘረጋ ጣና ገብቶ፣ ይኸው እስካሁን ጥላው ብቻውን ባሕሩ ላይ ሲንሸራሸር ይታያል፤ ዓሣ አጥማጁ ሁሉ ከታንኳው ወርዶ እየሰገደለት ነው አልሁ። ከዚያም ቀስ ብዬ ወደ ጉዳዬ መጣሁ፦ ነገ ተነገ ወዲያ አዋጅ ይወጣል፣ እስከ ዐርባ ገበያ የለም፣ የነጋዴ አህያ ሁሉ ድንኳን እንዲሸከም ይወሰዳል። ጌጡ ዓይኑ ፈጠጠ። አህያዋን በሁለት ብር ሰጠኝና ለማንም ላይናገር በታቦት ማለ። ማታ ላይ ግማሽ ገበያው ሰምቶት ነበር።

እኔ እኮ የዋሸሁ መስሎኝ ነው! እቴጌይቱ ደኅና ናቸው ብዬ ነው! ሰው ደኅና ካልሆነ እንዴት በሞቱ ይዋሻል?

«በእንቅልፌ አላወራሁም?» አለች ጌጤ ዳግመኛ። ምላጩ ከጆሮዋ ኋላ ደርሷል። ጌጤ የእልፍኙ ጠጅ ቤት ሠራተኛ ናት። እቴጌይቱ ንጉሡ ዘመቻ ከወጡ ወዲህ ታመው ስለ ነበር ጠጁ ቀርቶ ብርዝ ብቻ ነበር የምታቀርብላቸው፤ ማር በውኃ በጥብጣ፣ በብርሌው አፍ ላይ ጤና አዳም ሰክታ። ጤና አዳሙን ከቀሚሷ ጥለት በመዘዘችው ቀይ ክር ታስረዋለች፤ ለበሽተኛ ደስ ይላል ትላለች። መጋረጃው ድረስ ታደርሰዋለች፣ አጋፋሪ ሙላቴ ተቀብለዋት ይገባሉ፣ ባዶውን ብርሌ ይመልሱላታል።

«ከዓርብ ማታ ጀምሮ ዐርፈው ኖረዋል» አለች። «መርዶው ዘመቻው ድረስ ሄዶ ከንጉሡ ዘንድ ቃል እስኪመለስ ለማንም እንዳይነገር ተብሎ ነው። ቅዳሜ ብርዝ አስገባሁ፣ ባዶ ወጣልኝ። እሑድ አስገባሁ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ። አራት ቀን ለሬሳ ስቀዳ ሰነበትሁ፣ ዘውገ። አላወቅሁም። ልቤ አውቆ ግን በእንቅልፌ አናግሮኝ እንደሆነ ንገረኝ።»

«አላወራሽም፣ እታለም። ፈጥሬ ነው።»

«ፈጥሬ?»

«ለአህያዋ ብዬ።»

አሁን ዞረች። ፊቷ ላይ ቁጣ ብጠብቅ አንድም አላገኘሁም፤ ያየሁት ሐዘኔታ ነው፤ አንድ ሰው የገዛ እብዱን ሲያይ የሚኖረው ዓይነት። «ሞታቸውን ፈጠርህ፣ እሱም ሆነ» አለች በቀስታ። እኅቴ እንኳ አላመነችኝም። ሠላሳ ዓመት ስዋሽ እየሳቀች ስትሰማኝ የኖረች ሴት፣ አንድ ቀን እውነት ብነግራት እሷን ለማዳን የምዋሽላት መሰላት።

ወታደር ከአጥሩ ውጭ ተጣራ። የጠጅ ቤት ሴቶች ሁሉ ለጥያቄ ይፈለጋሉ። ጌጤ ተነሥታ ከቀሚሷ ላይ ጠጕሯን አራገፈች፣ ወገቧን ጠበቅ አድርጋ ታጠቀች፣ ደጃፉ ላይ ቆማ፣ «ነገ አይደለም፣ ዛሬውኑ ከአባ ጋር ሂድ። ኢየሩሳሌም ማንም ገብቶ አይጠይቅህም» አለችና ወጣች። ልቆጣ፣ ልከራከር፣ ልከተላት ይገባኝ ነበር። ቁርበቱ ላይ ተቀመጥሁና ራሴን ለአያሌው ሰጠሁት። እኔን ገበያው ሁሉ የሚያውቀኝ በጎፈሬዬ ነው፤ የጎጆ ክዳን ነው የሚያክለው፤ አንድ ጊዜ ርግብ ጎጆ ልትሠራበት ነበር፣ አልገፋበትም እንጂ ይህኛው እውነት ነው። አያሌው እየላጨ አንገቴ ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። ምላጩ እዚያው ቆዳዬ ላይ ነው። «እሷን አንድ ነገር ቢያገኛት…» አለ። ያን ቀን ከአፉ የወጣው ይኼ ብቻ ነው፤ እሱንም አልጨረሰውም። ቀጥሎ ጢሜን ላጨኝ።

አህያዋን እየነዳሁ ወጣሁ። ስንትና ስንት ጊዜ የወጣሁበት የወረድሁበት መንገድ ያን ዕለት የሰው አገር ሆነብኝ። የሚያገኘኝ ሁሉ ተላጭቷል። የማውቀው ሰው የለም፤ የሚያውቀኝም የለም። የክርስትና አባቴ መስለውኝ እጅ የነሣሁት ሽማግሌ የሠፈራችን ጠጅ ጠማቂ ሆኖ ተገኘ፤ ጠማቂው የመሰለኝ ደግሞ ወታደር ሆኖ ሲያፈጥብኝ አህያዋን ቸኩዬ ነዳሁ። ገበያው ባዶውን ተኝቷል፤ ውሻ ብቻ አቋርጦት ሄደ። ከቤተ መንግሥቱ ሜዳ ትልቅ ድንኳን ተተክሎ ሴቶች ለለቅሶው የሚዞረውን የእቴጌይቱን ምስል ከሣር ያስራሉ፤ ከአጠገቡ በቅሎ ላይ የሚሰቀለው ቀሚሳቸውና ካባቸው ተዘርግቷል፣ ባለ ወርቅ ዘርፉ ጥላም እንጨት ላይ ተደግፏል። ጥላውን ሳይ ቀና ማለት አቃተኝ። ጣና ላይ የላክሁት ጥላ እሱ ነው።

አባ ገብረየሱስ ተሳላሚዎቹን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ሥር ሰብስበው ስንቁን ያስጭናሉ። አጥንታቸው የሚቆጠር ሽማግሌ ናቸው፤ ሲሄዱ ግን ፍየል አይቀድማቸውም። ሌሊቱን ቤተ መንግሥት ደጅ ሲጸኑ አድረው ኖሮ ፈቃድ አግኝተዋል፦ ከአገር መውጣት ለሁሉ የተከለከለ ቢሆንም ተሳላሚ ብቻ የእቴጌይቱን የክርስትና ስም ይዞ ወርዶ ኢየሩሳሌም በጌታችን መቃብር ላይ እንዲያስጠራ ይለቀቃል፤ ግን ዛሬውኑ፣ ከቀትር በፊት። ከቀትር በኋላ ኬላው እስከ ዐርባ ይዘጋል። ስለዚህ የሐሙሱ መንገድ ወደ ረቡዕ መጣ፣ በጎንደር ይታደርባቸው የነበሩት ሁለት ቀኖች ወደ አንድ ተጠቀለሉ፣ በምጥዋ መርከብ የሚጠበቅበት ሳምንት ረዘመ። አባ ይህን ሁሉ በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ አስረዱን። እኔ ከዚያ ሁሉ የሰማሁት «ከቀትር በፊት» የምትለዋን ብቻ ነው።

«ዘውገ ነህ አንተ?» አሉኝ ቀርበው ሲያዩኝ።

«ነኝ፣ አባ።»

«ጎፈሬህ ሲወርድ ሰው ሆንህ። ስማ፣ መንገዱ ረጅም ነው፣ ባሕር አለበት። ንስሐ ያልገባህበት ነገር ካለ እዚህ ተወው። መርከብ ላይ ከባድ ነው።»

«ምንም የለም፣ አባ።»

 ከዚያ በአህያዬ ላይ የራሳቸውን ስልቻ ደረቡና «ያንተ አህያ ወጣት ናት፣ ጥሩ ገዝተሃል» አሉ።

ኬላው ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ሾላው ሥር ነው። አጋፋሪ ሙላቴ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ቀልቶ አብጧል፤ በአንዱ አፍንጫቸው ቅጠል ወትፈዋል፣ ጉንፋን እንደ ያዘው ሰው። ከኋላቸው አንድ ወታደር ካራ በድንጋይ ይስላል፤ አይቸኩልም፣ እየሳለ በአውራ ጣቱ ይሞክረዋል፣ መልሶ ይስላል። ከጎናቸው ደግሞ ጌጡ ቆሟል፣ አህያ ሻጩ። የተላጨው ራሱ ላይ ላብ እንደ ጠል ፈልቋል። ወሬው ከማን እንደ መጣ ሲጠየቅ ሲጠየቅ እሱ ዘንድ ደርሰው፣ የነገረውን ሰው እንዲያወጣ ኬላው ላይ አቁመውታል። ከሾላው ግንድ ሥር ስድስት ሴቶች መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ እጃቸው በአንድ ጠፍር ከአንድ እስከ ስድስት ታስሯል። ሁሉም አዲስ ቅል ናቸው። እኅቴን ያወቅኋት በቀሚሷ ነው፤ ጥለቱ አንድ ክር ጎድሎታል።

ጥያቄ ብቻ መስሎኝ ነበር። ከፊቴ ያለው ተሳላሚ ወታደሩን በሹክሹክታ ሲጠይቀው ሰማሁ። «ወሬውን ያወጣው ሰው እስከ ቀትር ካልተገኘ ምላሱ ከነሱ ይወሰዳል። የማንኛቸው እንደሆነ ስለማይታወቅ፣ የሁሉም» አለው ወታደሩ፣ ስለ ገብስ ዋጋ እንደሚነገር። ፀሐይቱን አየሁ። አናታችን ላይ ልትደርስ አንድ ጋት ቀርቷታል።

ሰልፉ ሄደ። ጌጡ የእያንዳንዱን ፊት በሁለት እጁ ይዞ ያያል፣ «እሱ አይደለም ጌታዬ» ይላል፤ ድምፁ እየቀጠነ ነው። ተራዬ ደረሰ። ጣቶቹ ጉንጬ ላይ በረዶ ናቸው። እኔ ሁለት መዝሙር በውስጤ እደግማለሁ፤ አምታትቼ፣ ከአንዱ ራሱን ከሌላው ጅራቱን። ጌጡ ዓይኔን አየ፣ ግንባሬን አየ። «ያ ሰው ጎፈሬያም ነው… እሱ አይደለም፣ ጌታዬ» አለ። አጋፋሪው እጃቸውን አወዛወዙ። አለፍሁ። ሁለት እርምጃ፣ ሦስት እርምጃ፤ ከፊቴ የጎንደር መንገድ፣ ከዚያ ወዲያ ምጥዋ፣ ባሕሩ፣ ኢየሩሳሌም።

ራሴን ላጭቻለሁ፣ ጢሜን ላጭቻለሁ፣ የአያሌውን ጋቢ ለብሻለሁ። አህያዋን ግን ማን ይላጫታል? አሮጌ ጌታዋን ስታይ ጆሮዋን ቀሰረች፣ አናፋች፣ የአባን ስልቻ እያላጋች ተመልሳ ሄዳ አፍንጫዋን ጌጡ ብብት ውስጥ ሸጎጠች።

«ይቺ… ይቺ የኔ ናት» አለ ጌጡ። «ጌታዬ! ቅዳሜ ለዚያ ሰው የሸጥኋት ይቺ ናት!»

ካራው ድንጋዩ ላይ ቆመ። አጋፋሪው «አህያዋ የማን ናት?» አሉ። አባ ገብረየሱስ ወደኔ አዩ። መነኩሴ አይዋሽም፤ ዝም ግን ሊል ይችላል፣ እሳቸውም ዝም አሉ። ምላሴ ግን ወዲያው ዝግጁ ነበረች። አፌ ውስጥ ሙሉ ተረት ተሰልፎ ቆሟል፦ ከአንድ ጎፈሬያም ሰው እሑድ ዕለት ገዛኋት፣ ወደ ሐሙሲት ሲወርድ፣ አንድ ዓይኑ የጠፋ፣ ስሙን እንኳ ያልነገረኝ። ያምኑኝ ነበር። ያለ ጥርጥር ያምኑኝ ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ውሸት አፌ ውስጥ ቀርቦ አያውቅም። ቀና ስል ጌጤ እያየችኝ ነው። ጠፍሩ እጇን ይዞታል፣ ስለዚህ በራሷ ብቻ፣ በዚያ በነጣው ራሷ፣ በጣም በትንሹ ነቀነቀችልኝ። ሂድ ማለቷ ነው።

«የኔ ናት» አልሁ። «ያወራሁትም እኔ ነኝ።»

ሁለት ወታደሮች ክንዴን ይዘው አንበረከኩኝ። ካራ የያዘው ሦስተኛው መጥቶ ከጎኔ ቆመ። አጋፋሪው ጎንበስ አሉ። «ከስድስቱ ማን ነገረችህ?»

«ማንም አልነገረኝም፣ ጌታዬ። ፈጥሬ ነው።»

«ሞት ፈጠርህ?»

«አህያ ላስቀንስ ብዬ ነው።»

«ዓርብ ማታ ዐረፉ፣ ቅዳሜ ጧት አንተ አወራህ። አራት ሰው ብቻ ያወቀውን ነገር። ይህን ፈጠራ ትለዋለህ?» ድምፃቸው አልጮኸም፤ ባይጮኽ ነው የባሰ የፈራሁት። ወታደሩ መንጋጋዬን ይዞ ጫን ሲለው አፌ ተከፈተ። የብረቱ ቅዝቃዜ ከንፈሬን ሲነካው ተሰማኝ። የቅዳሜውን ውሸቴን ያመነልኝ አገር እውነቴን አንድ ሰው እንኳ አልገዛልኝም፤ ምንስ ልጨምርበት? እውነት ላይ የሚጨመር ነገር አላውቅም። ያኔ ነው የጨመርሁት ሁሉ ትዝ ያለኝ።

«አያ ጌጡን ይጠይቁት!» አልሁ ካራው አፌ ላይ እንዳለ። «እንዴት ሞቱ እንዳልሁት ይንገርዎ! አንዲት ሳያስቀር!»

አጋፋሪው ወደ ጌጡ ዞሩ። ጌጡ መሬት መሬቱን ያያል። «ይቅርብኝ፣ ጌታዬ» አለ።

«ተናገር።»

«ጉማሬ ነው ያለኝ፣ ጌታዬ።»

«ምን?»

«ጉማሬ… ጥላቸውን ነጠቀና… ርብ ላይ… እሳቸውም ጥላዬን ብለው ሲከተሉት ውኃ ወሰዳቸው አለኝ። ጥላውም ጣና ላይ ብቻውን ይሄዳል አለኝ። ዓሣ አጥማጁ እየሰገደለት ነው አለኝ።»

«አንተስ አመንኸው?»

ጌጡ የተላጨ ራሱን በመዳፉ ጠረገ። ላቡ ከአገጩ ተንጠባጠበ። ከታሰሩት ሴቶች መሐል አንዷ አንድ ድምፅ አወጣች፤ ሳቅ ነው፣ ሳቅ መሆኑን ሁላችንም አውቀናል፤ በእቴጌይቱ ለቅሶ ቀን መሳቅ ደግሞ ምን እንደሚያመጣ እናውቃለን። ጌጤ ፈጥና «ዋይ እመቤቴ!» ብላ ጮኸች፤ አምስቱም ተቀበሏት፤ ዋይታው ሳቁን ሸፈነው። ሴቶቹ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ግማሹ እንባ እንደ ነበረ ግን እምላለሁ።

«በአልጋቸው ላይ ነው ያረፉት» አሉ አጋፋሪ ሙላቴ፤ ለማንም አይደለም የሚናገሩት። «ከእልፍኝ የወጣ ወሬ ቢሆን ጉማሬ ምን ያደርግበታል።» ከዚያ ፊታቸውን ሊጠርጉ ከአፍንጫቸው ቅጠሉን መዘው ጭናቸው ላይ ጣሉት። ጤና አዳም ነው። ግንዱ ላይ በቀይ ክር ታስሯል።

አፌ እንደ ተከፈተ ቀረ። በዚያ በተዘጋ እልፍኝ ውስጥ፣ አራት ቀን ከሬሳ ጋር፣ ለሽታው ቅጠሉን አፍንጫቸው ውስጥ ወትፈው፣ ማንም እንዳይጠረጥር ብርሌውን ባዶ ሊያደርጉ ብርዙን ሲጨልጡ አየኋቸው። ወሬው የወጣው ምስጢሩን ከሚያውቁት ከአራቱ ነው ቢባል የመጀመሪያዋ ምላስ የሳቸው ነበረች። ያን ሁሉ ጊዜ እኔ እሳቸውን ስፈራ እሳቸው ከኔ ይልቅ ፈርተው ኖረዋል። ዓይናችን ተገጣጠመ። ወዴት እንዳየሁ አዩ። ቅጠሉን ቀስ ብለው ጨብጠው እጅጌያቸው ውስጥ ከተቱት።

«ሴቶቹን ፍቱ» አሉ። «አንተ ኢየሩሳሌም አትሄድም። እስከ ዐርባቸው ድረስ ከምስላቸው ፊት ጥላቸውን ተሸክመህ ትዞራለህ። ከዛሬ ጀምሮ እስከዚያች ቀን አንዲት ቃል፣ አንዲት ብቻ፣ ከአፍህ ብትወጣ ካራው ይኸው።» ይህን ሲሉ ከቅጣቱ ይልቅ ልመናው ነበር የሚሰማው፤ ለኔ ብቻ።

ጌጡ ከኋላ ሆኖ፣ ቀስ ብሎ፣ «ጉማሬው ተገኘ» አለ።

ተሳላሚዎቹ ቀትር ሳይሆን ተነሡ። አባ ገብረየሱስ ግንባሬን በመስቀላቸው ዳሰሱ፤ «አሁን ቀለልህ» አሉኝ፤ ከዚያ አህያዋን ነዱ። አህያዋ ሄደች። በሶዬን ተሸክማ፣ ቅሌን አንጠልጥላ፣ ወደ ኋላ እንኳ ሳታይ የጎንደርን መንገድ ያዘች፤ ምጥዋም ደርሳ ቆመች አሉ። እኔ ቀረሁ።

ምሽት ላይ ሦስታችን እሳቱን ከበን ተቀመጥን። አያሌው ሽሮውን አቀረበ፤ ማንም አልነካውም። ከቀትር ጀምሮ የተሸከምሁት ጥላ ትከሻዬን አቁስሎታል። ጌጤ የእጇን አንጓ፣ ጠፍሩ ያለፈበትን፣ ታሻለች። ራሷን በነጠላዋ ጠቅልላለች፤ ብርድ አስቸግሯታል። ዓይኗን ከእሳቱ ሳትነቅል፣ «አንድ ነገር ግን አልገባኝም» አለች። «ብርዙን ማን ጠጣው?»

ምላሴ ተነሣች። ከተወለድሁ ዕለት ጀምሮ የጠበቅሁት ይመስል፣ በሕይወቴ ያገኘሁት ትልቁ ወሬ፣ ምንም የማይጨመርበት፣ እውነት። ጥርሴን ነከስሁ። ካራው ከንፈሬ ላይ ያሳረፈው ቅዝቃዜ ገና አልለቀቀኝም።

«ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ» አለች ጌጤ። «አንዲት ጠብታ አልተመለሰችም። ጤና አዳሙን ሳይቀር ወስደውታል። ነፍሳቸው ከቤቱ ሳትርቅ ቆይታ… እሳቸው ራሳቸው ይሆኑ እንዴ፣ ዘውገ? የኔን ብርዝ ወደውት?»

አያሌው ቀና ብሎ አየኝ። እኅቴ እያየችኝ ነው፤ ጠዋት እንደ እብድ ያየችኝ፣ አሁን ሙሉ ለሙሉ የምታምነኝ።

ራሴን ነቀነቅሁላት። አዎ።